ካርል ቩንደርሊኽና የ37 ዲግሪ አኃዝ፦ የሰውነት ሙቀት ልኬትና የምርመራ ወሰን

የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደ ሆነ ከሕክምና ትምህርት ርቆ የኖረ ሰው እንኳ ያውቃል። ይህን አኃዝ በዓለም ሁሉ ያስለመደው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ራይንሆልድ አውጉስት ቩንደርሊኽ ነው። በላይፕዚግ ከተማ ሆስፒታል ከ1851 ጀምሮ ያሰባሰበው የሙቀት ልኬት ወደ 25,000 ከሚጠጉ ሕሙማን የተገኘና ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደ ሆነ የሚነገርለት ነው፤ ውጤቱንም በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጽሐፉ ዕድል ግን ለሁለት የተከፈለ ሆነ። በስታትስቲክስ ዐይን ሲመረመር እጅግ ደካማ የሆነው ክፍል፣ ማለትም 37 የሚለው አማካይ፣ ዘመን ተሻግሮ የሕዝብ ዕውቀት ለመሆን በቃ። ጠንካራው ክፍል፣ ማለትም የአንድን ሕመምተኛ ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ተከታትሎ ሕመሙን ከሙቀቱ አካሄድ የመለየት ዘዴ፣ ከሐኪሞች ክበብ ውጭ ብዙም አይታወስም።

ቩንደርሊኽ ኦገስት 4 ቀን 1815 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ መንግሥት ሥር በነበረችው ዙልዝ አም ኔካር በተባለች ትንሽ ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። በሽቱትጋርት ተማሪ ሳለ ከቪልሄልም ግሪዚንገርና ከቪልሄልም ሮዘር ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ሦስቱም ሕክምናን በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ አጠኑ፤ ግሪዚንገር ኋላ በአእምሮ ሕክምና፣ ሮዘር ደግሞ በቀዶ ሕክምና ስመ ጥር ሆኑ። ወጣቶቹ የተማሩበት ሕክምና ግን አላረካቸውም። በዘመኑ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ወገን ሕመምን ከተፈጥሮ ፍልስፍና በመነሣት በረቀቀ ሐሳብ ሊያስረዳ ይሞክር ነበር፤ ሌላው ወገን ደግሞ እንደ ዕፅዋት አጥኚ ሕመሞችን በነገድና በዘር መደርደር ይወድ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በአልጋ ላይ የተኛው ሰው ሰውነት ውስጥ በዚያች ሰዓት ምን እየሆነ እንዳለ ለመለካት አልተጉም።

ትምህርቱን ሲፈጽም ቩንደርሊኽ በዘመኑ የሕክምና ተማሪዎች እንደ ልማድ ያዩት ወደ ነበረው ወደ ፓሪስ ተጓዘ፤ ጥቂት ቆይቶም ቪየናን ጎበኘ። ያየውን በ1841 ቪየናና ፓሪስ በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ አነጻጽሮ ጻፈ። በእነዚያ ዓመታት ፓሪስ ሕሙማንን መቁጠር የጀመረች ከተማ ነበረች። ፒየር ሉዊ በ1835 ባሳተመው ጥናት 77 የሳንባ ምች ሕሙማንን ደም በተቀዱበት ቀን ከፍሎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ደም ከተቀዱት 41 ሕሙማን 18ቱ ሞቱ፤ ከዚያ ዘግይተው ከተቀዱት 36 ሕሙማን ደግሞ የሞቱት 9 ነበሩ። ደም መቅዳት የሕመሙን ጉዞ ይቆርጣል ተብሎ ለዘመናት ሲነገር ለኖረው እምነት ይህ ቆጠራ ድጋፍ አልሰጠም።

የሉዊ ቆጠራ ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ከተማ ጥያቄ ተነሣበት። ሒሳብ አዋቂው ሐኪም ዡል ጋቫሬ በ1840 ስለ ሕክምና ስታትስቲክስ ባሳተመው መጽሐፍ ከጥቂት ሕሙማን የተገኘ መቶኛ ብቻውን እውነት ተብሎ እንዳይወሰድ አስጠነቀቀ። ሉዊ ከመዘገባቸው 140 የታይፎይድ ሕሙማን 52ቱ ሞተዋል፤ ይህም 37 በመቶ ነው። ጋቫሬ ግን የሒሳብ ሊቁን ፖይሶንን ስሌት ተከትሎ እውነተኛው የሞት መጠን ከ26 እስከ 49 በመቶ በየትኛውም ሥፍራ ሊገኝ እንደሚችል አሳየ፤ ወሰኑንም የወሰደው 212 ለ1 በሆነ የመተማመኛ ዕድል ነበር። የስሕተት ወሰን ማስላት፣ እንግዲህ፣ ቩንደርሊኽ ቴርሞሜትር ከማንሣቱ ከ10 ዓመት በፊት በመጽሐፍ የቀረበ ጉዳይ ነበር። ይህን ማስታወስ ኋላ ለሚመጣው ፍርድ ያስፈልጋል፤ ቩንደርሊኽን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ ብቻ መዳኘት ፍትሐዊ አይሆንምና።

በ1842 ቩንደርሊኽና ሮዘር ስለ ሥነ አካላዊ ሕክምና የሚጽፍ መጽሔት መሠረቱ፤ ግሪዚንገርም ኋላ በአዘጋጅነት ተቀላቀላቸው። የመጽሔቱ ዓላማ ሕመም ከጤና ተለይቶ የቆመ ባዕድ ነገር ሳይሆን የሰውነት ሥራ በተለወጠ ሁኔታ መቀጠሉ እንደ ሆነ ማስረዳትና ሕክምናን በልኬትና በምልከታ ላይ ማቆም ነበር። ጽሑፎቹ ታላላቆችን የሚዳፈሩ፣ አንዳንዴም ፍርደ ገምድል ነበሩ፤ ነገር ግን ደራሲውን አሳወቁት። በ1846 በቱቢንገን ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1850 ደግሞ ዮሐን ኦፖልዘርን ተክቶ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰርነትንና የቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ክሊኒክ ኃላፊነትን ተረከበ። እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልተነሣም።

ቴርሞሜትር በሕክምና ውስጥ አዲስ ነገር አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንቶን ደ ሃን በቪየና የሕሙማኑን ሙቀት ይለካ ነበር። በ1835 ፈረንሳውያኑ ቤክሬልና ብሬሼ የጤነኛ ሰው ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ እንደሚጠጋ አሳይተው ነበር፤ ስለዚህ አኃዙ ራሱ የቩንደርሊኽ ግኝት አይደለም። በ1850 እና በ1851 አካባቢም ትራውበና ቤረንስፕሩንግ የትኩሳትን ሂደት በአኃዝ መከታተል ጀምረው ነበር። ቩንደርሊኽን ከእነዚህ ሁሉ የለየው ምርጫ አለማድረጉ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ትኩረታቸውን የሳቡ ሕሙማንን ለኩ፤ እርሱ ግን በክሊኒኩ የተኛ ሰው ሁሉ፣ ትኩሳት ያለው መስሎ ታየም አልታየም፣ ቢያንስ ጠዋትና ማታ እንዲለካ ደነገገ፤ ጽኑ ሕሙማን ደግሞ በቀን ከዚያ በላይ ይለኩ ነበር። ልኬቱን ሐኪም ብቻ መሥራት አለበት ብሎም አላመነም፤ በሚገባ የሠለጠነ አስታማሚ ሊያነብበው እንደሚችል ተቀበለ። ለመረጃ ሰብሳቢ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም መለካት ከሐኪሙ ጥርጣሬ ተላቀቀ፤ ጥርጣሬ የሚመራው ልኬት ደግሞ የጠረጠረውን ብቻ ያገኛል።

ሥራው አድካሚ ነበር። በዘመኑ የነበረው ቴርሞሜትር ረጅም ነው፤ የደረሰበትን ከፍታ ይዞ ስለማይቆይም በሕመምተኛው ብብት ውስጥ እንዳለ መነበብ ነበረበት፤ አንዱ ንባብ 15 እና 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ ሚሊዮን ልኬት የሚለውን ወሬ የሚጠራጠሩ አሉ። በቀላል ስሌት ሲፈተሽ ግን ነገሩ የማይቻል አይደለም። ከ1851 እስከ 1868 ያለውን 17 ዓመት ብንወስድ አንድ ሚሊዮን ልኬት በቀን ወደ 161 ይደርሳል፤ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ የሚለኩ 80 ሕሙማን ማለት ነው፤ ለከተማ ሆስፒታል የማይመጥን ቁጥር አይደለም። ለ25,000 ሕሙማን ሲካፈልም ለእያንዳንዱ 40 ንባብ ይደርሰዋል፤ ይህም ሁለት ሦስት ሳምንት ተኝቶ ከቆየ ሰው የሚጠበቅ ነው። አጠራጣሪው ልኬቱን መሰብሰቡ ሳይሆን፣ ያን ሁሉ አኃዝ ያለ ምንም የሒሳብ መሣሪያ ደምሮና አካፍሎ አማካይ ማውጣቱ ነው። መጽሐፉም አማካዩ እንዴት እንደ ተሰላ አያስረዳም።

የ1868ቱ መጽሐፍ በሕመም ጊዜ የሰውነት ሙቀት ያለውን ጠባይ ይመለከታል። በዚያው ዓመት የልጅነት ወዳጁ ግሪዚንገር ሞተ። መጽሐፉ ከልብ ሲነበብ አንባቢው የሚያገኘው አንድ አኃዝ ብቻ አይደለም። ቩንደርሊኽ 37 ዲግሪን የጤነኛ ሰው የብብት ሙቀት መካከለኛ አድርጎ ቢያቀርብም፣ ጤናን የሚያሳየው ከ36.25 እስከ 37.5 ገደማ የሚዘረጋ ስፋት መሆኑን ገልጿል፤ 38 ዲግሪንም የትኩሳት መጀመሪያ አድርጎታል። ሙቀት በቀን ውስጥ እንደሚለዋወጥ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ እስከ ማለዳ ዝቅ ብሎ ከቀትር በኋላና ወደ ማታ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የሴቶች ሙቀት ከወንዶች በጥቂቱ እንደሚበልጥ፣ የአረጋውያን ደግሞ ከወጣቶች እንደሚያንስ መዝግቧል። እነዚህ ሁሉ ከመቶ ዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያ ተለክተው እውነት ሆነው ተገኝተዋል። ንጽጽርን የሚመለከት ውጤት መቆሙና ነጠላው አኃዝ መናወጡ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ቴርሞሜትሩ ከእውነቱ አንድ ዲግሪ ከፍ አድርጎ ቢያነብብ፣ ጠዋትንም ማታንም፣ ወንድንም ሴትንም በእኩል ከፍ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ግን ሳይነካ ይቀራል።

በአማካዩ ላይ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ከዚሁ ይመነጫል። የንባቦቹ መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን፣ ግማሽ ዲግሪ ነው እንበል። ከአንድ ሚሊዮን ንባብ የሚገኝ አማካይ ሊኖረው የሚችለው የአጋጣሚ ስሕተት ግማሽ ዲግሪ ለ1,000 ተካፍሎ 0.0005 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። በእርግጥ የአንድ ሰው 40 ንባቦች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸውና እንደ 40 ነጻ ምስክሮች ሊቆጠሩ አይገባም፤ ሰዎቹን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ስሕተቱ 0.003 ገደማ ነው። ሁለቱም አኃዞች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ሁለቱም ግን ስለ መሣሪያው ጤንነት አንዳች አይናገሩም። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዘነብል ስሕተት ልኬቱ ቢደጋገም አይጠፋም፤ አንባቢው በስሕተቱ ላይ ያለውን መተማመን ብቻ ያጠነክረዋል። በ1994 የወጣ ጥናት በፊላደልፊያ በሚውተር ሙዚየም የሚገኝና የቩንደርሊኽ እንደ ነበረ የሚታመን ቴርሞሜትር ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ተስተያይቶ ከ1.4 እስከ 2.2 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚያነብብ ዘግቧል። አንድ ቴርሞሜትር ሌሎቹን ሁሉ አይወክልም፤ መስተዋቱም በዕድሜ ብዛት ሊለወጥ ይችላል። ሆኖም ጋቫሬ ያስተማረው የስሕተት ወሰን የማይደርስበት ሌላ ዓይነት ስሕተት እንዳለ ያሳያል።

ቩንደርሊኽ ራሱ ይበልጥ የደከመበት ጉዳይ ሌላ ነበር። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ንባቦች በወረቀት ላይ ነጥብ አድርጎ፣ ነጥቦቹንም በመስመር አያይዞ የሚያሳየው ሠንጠረዥ በክሊኒኩ የዘወትር ሥራ ሆነ። በእርሱ ዘመን ትኩሳት ራሱን የቻለ ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ ገና አልጠፋም ነበር፤ መስመሮቹ ግን ትኩሳት የልዩ ልዩ ሕመሞች ምልክት እንደ ሆነና እያንዳንዱ ሕመም የራሱ አካሄድ እንዳለው አሳዩ። በሳንባ ምች ሙቀቱ በድንገት ይወጣል፤ ከቀናት በኋላም በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። በግርሻ ትኩሳት ለቀናት ከፍ ብሎ ይቆይና በድንገት ይወርዳል፤ ሕመምተኛው ዳነ ሲባል ከቀናት በኋላ እንደገና ይነሣል። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ሕመም ዛሬም በኢትዮጵያ ይገኛል፤ ሕመምተኛው በዕረፍቱ ቀናት ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ አንዲት ነጠላ ንባብ ጤነኛ ነው ብላ ልትሸኘው ትችላለች። መስመሩን ያየ ሰው ግን በዚያች ንባብ አይታለልም።

ከሁሉም ይልቅ ስሙን ያስጠራው የታይፎይድ (የአንጀት ተስቦ) መስመር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ ማታ ማታ ከፍ፣ ጠዋት ጠዋት በጥቂቱ ዝቅ እያለ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ይሰነብታል፤ በመጨረሻም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከዚህ በመነሣት ቩንደርሊኽ የምርመራ ደንቦችን አወጣ። ሙቀቱ ሕመሙ በጀመረበት ቀን ወይም በማግሥቱ ጠዋት 40 ዲግሪ ከደረሰ ሕመሙ ታይፎይድ አይደለም፤ በአራተኛው ቀን ማታ አካባቢ 39.5 ካልደረሰም እንዲሁ አይደለም። ደንቦቹ በአሉታ መቀመጣቸው አስተዋይነት ነው። ሐኪሙ ታይፎይድ መሆኑን በሙቀት ብቻ አረጋግጣለሁ አላለም፤ አለመሆኑን እለያለሁ አለ። እንዲህ ያለ ደንብ የሚቆመው ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች መካከል ከደንቡ የሚያፈነግጡት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ ብቻ ነው።

ያፈነገጡት ስንት ነበሩ? ይህን ለማወቅ ታይፎይድ ያለበት ማን እንደ ሆነ ከሙቀቱ ውጭ በሆነ ማስረጃ መታወቅ አለበት፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሉዊ በ1829 እንዳሳየው የሕመሙ አስተማማኝ ምልክት በትንሹ አንጀት የሚታየው ቁስል ነበር፤ ይህ ግን የሚታየው አስከሬን ሲመረመር ነው። ስለዚህ ፍጹም ምርመራ ያገኙት የሞቱት ብቻ ነበሩ። በሕይወት የተረፉት በሕመማቸው አካሄድ ተፈረጁ፤ ከአካሄዱም ዋናው ክፍል ራሱ ሙቀቱ ነበር። መስመሩ የታይፎይድ ስላልሆነ ታይፎይድ አይደለም ተብሎ የተመዘገበ ሰው፣ ታይፎይድ የታይፎይድ መስመር እንደማይለየው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ምርመራው በራሱ ችሎት ዳኛም ምስክርም ሆነ። በዚህ ላይ ሆስፒታል የሚተኙት የጠናባቸው ናቸው፤ ሙቀታቸው 39.5 ሳይደርስ በቤታቸው የዳኑ ሰዎች በላይፕዚግ መዝገብ ውስጥ አይገኙም። አራተኛው ቀን የሚባለውም የሚቆጠረው ሕመምተኛው አመመኝ ካለበት ዕለት ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ወደ ሆስፒታል የደረሱት ከዚያ ቀን በኋላ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ሦስት ምክንያቶች ሁሉ ደንቡን ከእውነቱ የተሻለ አስመስለው ያሳዩታል፤ አንዱም ወደ ሌላው አቅጣጫ አይጎትትም።

ቩንደርሊኽ ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ማስረጃ በእጁ አልነበረም። ካርል ኤበርት የታይፎይድን ባክቴሪያ ያየው በ1880 ነው፤ ጌኦርግ ጋፍኪ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ያሳደገው በ1884 ነው። ከደም ውስጥ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማግኘት የተቻለው ከዚያም ወዲህ ነው። ፈርናንድ ዊዳል በ1896 ያስተዋወቀው የደም ምርመራ ደግሞ ከሙቀት መስመር ጋር የሚመሳሰል ታሪክ አለው። የዊዳል ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያዘጋጀውን ፀረ አካል ነው። ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር ብዙ ሰዎች ቀድሞ ከያዛቸው ሕመም ወይም ከሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ የተረፈ ፀረ አካል ይዘው ይኖራሉ፤ የትኩሳታቸው ምክንያት ሌላ ሆኖ ሳለም ምርመራው አዎን ሊል ይችላል። ምርመራው በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ውጤት ከደም ካልቸር ጋር ሲነጻጸር አስተማማኝ እንዳልሆነም በአገር ውስጥና በውጭ አገር የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ወባ ወይም ግርሻ ይዞት ታይፎይድ ነው የተባለ ሕመምተኛ የማያስፈልገውን መድኃኒት ወስዶ የሚያስፈልገውን ያጣል።

እነዚህን ነገሮች በአኃዝ ለመግለጽ የሚያገለግለው ቋንቋ የመጣው ዘግይቶ ነው። ያኮብ የሩሻልሚ በ1947 ስለ ደረት ኤክስሬይ አነባበብ ባሳተመው ጥናት የምርመራን ብቃት ለሁለት ከፍሎ አቀረበ። አንደኛው ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ምርመራው ስንቱን እንደሚይዝ የሚለካው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ሁለተኛው ሕመሙ ከሌለባቸው ስንቱን ነጻ እንደሚያደርግ የሚለካው ስፔሲፊሲቲ ነው። በዚህ ቋንቋ ሲነገር የቩንደርሊኽ የታይፎይድ ደንብ ሴንሲቲቪቲው እጅግ ከፍተኛ ነው የሚል አቤቱታ ነው፤ የ38 ዲግሪ ወሰኑ ደግሞ ስለ ስፔሲፊሲቲ የቀረበ ነው።

ወሰንን በተመለከተ በ1992 በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በፊሊፕ ማኮዊያክና ባልደረቦቹ የተሠራው ጥናት ለሒሳብ የሚመች መረጃ አስገኝቷል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 የሆነ 148 ጤነኛ ሰዎች በአፍ በሚደረግ ቴርሞሜትር 700 ጊዜ ተለኩ። አማካዩ 36.8፣ መደበኛ ልይይቱ 0.4 ሆኖ ተገኘ። 37.0 የሚለው ንባብ የታየው ከ100 ውስጥ 8 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር፤ አማካይም፣ መካከለኛም፣ በብዛት የተደጋገመ አኃዝም አልነበረም። ስርጭቱ የተለመደውን የደወል ቅርጽ ይከተላል ተብሎ ቢሰላ፣ ከጤነኞች ንባብ 31 በመቶው ከ37.0 በላይ ይሆናል፤ ከ37.7 በላይ የሚሆነው አንድ በመቶ ከጥቂት ነው፤ ከ38.0 በላይ የሚሆነው ግን ከ1,000 አንድ ገደማ ነው። ይኸው ጥናት የጤነኞች የላይኛው ጫፍ ማለዳ 37.2፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ 37.7 እንደ ሆነ አመልክቷል፤ ስለዚህ ማለዳ የተነበበ 37.5 እና ማታ የተነበበ 37.5 አንድ ዓይነት ዜና አይደሉም።

የ37.7ን ወሰን ወደ ሥራ እናምጣው። ከ10,000 ጤነኞች 120 ያህሉ ወሰኑን ያልፋሉ። በመካከላቸው 10 ሕሙማን ቢኖሩና ምርመራው ሁሉንም ቢይዝ፣ ትኩሳት አለባቸው ከተባሉት 130 ሰዎች በእውነት የታመሙት 10 ብቻ ናቸው፤ ከ100 ስምንት አይሞሉም። በአንጻሩ ከ1,000 ሰዎች 500ው በታመሙበት የሆስፒታል ክፍል ያው ወሰን በስሕተት የሚይዘው 6 ጤነኞችን ሲሆን ከ506 ተጠርጣሪዎች 500ው ሕሙማን ይሆናሉ። ወሰኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመርማሪዎቹ ስብስብ ነው። ቩንደርሊኽ ሕይወቱን ያሳለፈው በሁለተኛው ዓይነት ክፍል ውስጥ ነበር፤ በቴርሞሜትር ላይ የነበረው ታላቅ እምነትም ለዚያ ክፍል የሚገባ ነበር። ኋላ በአውሮፕላን ማረፊያና በትምህርት ቤት በር የሚቆመው መርማሪ ያንኑ እምነት ሲወርስ ግን ያለበት ሁኔታ የመጀመሪያው ነው።

የቩንደርሊኽ መጽሐፍ በ1870 ለሁለተኛ ጊዜ ታተመ፤ በ1871 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። በእንግሊዝ ክሊፎርድ ኦልበት በ1860ዎቹ አጋማሽ ያሠራው አጭር ቴርሞሜትር በኪስ የሚያዝና በአምስት ደቂቃ የሚያነብብ ስለ ነበር የላይፕዚጉን ዘዴ ለማንኛውም ሐኪም አደረሰው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም አኃዙ ወደ ፋራናይት ሲለወጥ 98.6 ሆነ፤ እስከ አንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ድረስ የተለካ የሚያስመስለው ይህ ነጥብ ከልኬት ሳይሆን ከማባዛትና ከመደመር የመጣ ነው። ቩንደርሊኽ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1877 በ62 ዓመቱ በላይፕዚግ ሞተ። ከሙቀት ሌላ ስለ ሕክምና ታሪክና ስለ ጠቅላላ ሕመምና ሕክምና የጻፋቸው ሰፋፊ መጻሕፍት ነበሩት፤ ዛሬ የሚያነብባቸው ጥቂት ነው።

አማካዩ የተናወጠው በቴርሞሜትሩ ስሕተት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ያስቸግራል። በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከሦስት ዘመናት የተገኙ 677,423 ልኬቶችን አንድ ላይ አጠና፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች፣ በ1970ዎቹ ከተደረገ አገር አቀፍ የጤና ጥናት፣ እና ከ2007 እስከ 2017 ከተመዘገቡ የሆስፒታል ሕሙማን። በዚህ ጥናት መሠረት በዛሬው ዘመን የሚገኙ ወንዶች ሙቀት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተወለዱት በ0.59 ዲግሪ ያንሳል፤ በየዐሥር ዓመቱም 0.03 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ መጥቷል። ቅነሳው በመሣሪያ ለውጥ ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ በየዘመኑ ስብስቦች መካከል ብቻ መታየት ነበረበት፤ ነገር ግን በዘማቾቹ ስብስብ ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ዘመን መሣሪያ በተለኩ ሰዎች መካከልም፣ ቀደም ብለው የተወለዱት ከፍ ያለ ሙቀት ነበራቸው። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ከሳንባ ነቀርሳና ከሌሎች ሥር የሰደዱ ቁስለቶች መቀነስ ጋር አያይዘውታል። ይህ ግምት እውነት ከሆነ በላይፕዚግ አልጋዎች ላይ የተኙት ሰዎች ከዛሬዎቹ በጥቂቱ የሞቁ ነበሩ፤ ከቩንደርሊኽ 37 ውስጥ ምን ያህሉ የመስተዋቱ፣ ምን ያህሉም የሰዎቹ እንደ ነበረ ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው የቴርሞሜትሮቹ ማስተያያ መዝገብ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም።